ኦፒዮይድ ሁሉ አንጎል አይደርስም፦ ስለ ብግነት ሕመምና በሊፖዞም ስለሚታቀፉ መድኃኒቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፤
ለጤና ሚኒስቴር፤
በቂሊንጦ ለሚገኙ መድኃኒት አምራቾችና በየዩኒቨርሲቲው ለሚያስተምሩ የፋርማሲ መምህራን

ጉዳዩ፦ በሊፖዞም (ከቅባት በተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች) ታቅፈው በተቆጣው የሰውነት ክፍል ላይ ብቻ እንዲሠሩ የሚዘጋጁ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያሉ የሕመም ማስታገሻ) መድኃኒቶች የራሳቸው የምርምርና የምዝገባ መንገድ እንዲኖራቸው ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው አቅጣጫ በሚገኝ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ውስጥ በምትገኝ ትንሽ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ደንበኞቼ ከአቃቂና ከቃሊቲ ፋብሪካዎች በጡረታ የወጡ ሠራተኞች፣ በየግንባታው ብሎኬትና ሲሚንቶ የሚሸከሙ ወጣቶች፣ እንጀራ ጋግረው ለየሱቁ የሚያስረክቡ እናቶችና እርሻቸው ወደ ከተማ የተጠቃለለባቸው አዛውንት ገበሬዎች ናቸው። አብዛኞቹ «ዶክተር» ብለው ይጠሩኛል፤ ሐኪም አለመሆኔን ደጋግሜ ብናገርም ስሙ አልለቀቀኝም። የሚነግሩኝ ሕመም ግን ከሰው ሰው እምብዛም አይለያይም፤ ጉልበት አበጠ፣ ጣት አልታጠፍ አለ፣ ቁስሉ ተቆጣ፣ ወገብ ተያዘ ይሉኛል።

ለዚህ ሁሉ ከመደርደሪያዬ የማነሣው በጣት የሚቆጠር ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ብግነትን፣ ማለትም የሰውነትን መቆጣትና ማበጥ፣ በእርግጥ ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን በየዕለቱ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ፣ የደም ግፊት ያለበትን አዛውንት ደግሞ ለሌላ ችግር ይዳርጋሉ። ፓራሲታሞል ለእብጠት የሚፈይደው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ፕሬድኒሶሎን እብጠቱን ቶሎ ስለሚያጎድል ሰው ይወደዋል፤ ለረጅም ጊዜ ያለ ክትትል የወሰዱት ሰዎች ፊታቸው አብጦ፣ ስኳራቸው ከፍ ብሎ፣ አጥንታቸው ሳስቶ ሲመጡ ግን ያዘነላቸው ጎረቤት «ይህንን ውሰዱ» ብሎ የሰጣቸው መሆኑን እሰማለሁ። ከዚያ በላይ ያለው ትራማዶል ነው፤ እሱ በማዘዣ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ በየምሽቱ ያለ ማዘዣ ሊጠይቁኝ የሚመጡት ወጣቶች ደግሞ ጉልበታቸው አብጦ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት የመጡ አንዲት እንጀራ ጋጋሪ እናት ናቸው። የሁለት እጆቻቸው አንጓ አብጦ ነበር፤ ሐኪም አይቷቸው ማዘዣ ይዘው ነው የመጡት። መድኃኒቱን ሳስረዳቸው አቋረጡኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የሚያደነዝዘኝን አልፈልግም፤ እሳት ፊት ነው የምውለው። ጨጓራዬን የሚልጠውንም አልቻልኩትም። እዚህችው እጄ ላይ ቀርቶ እብጠቱን የሚያጎድልልኝ የለህም?» ያን ዕለት የነበረኝ መልስ «የለኝም» የሚል ብቻ ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ጥያቄያቸው ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር የጠየቁት ነገር፣ ማለትም ወደ አንጎል ሳይሄድ እብጠቱ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ የሚሠራ የሕመም ማስታገሻ፣ የመስኩ ተመራማሪዎች ከ30 ዓመት በላይ ሲደክሙበት የቆዩ ጉዳይ ነው።

ኦፒዮይድ የሚለው ቃል በአገራችን ሲነሣ ሁለት ነገሮች አብረው ይነሣሉ፤ አንዱ ሱስ ነው፣ ሌላው ሞት የቀረበ ሕመምተኛ ነው። ሁለቱም የሚመጡት መድኃኒቱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ስለሚሠራ ነው። ሞርፊን ከኦፒየም አበባ ተነጥሎ የተገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን ሕመምን የሚያቆመው አንጎል ውስጥ ገብቶ ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። ኦፒዮይድ የሚያርፍባቸው ተቀባዮች በነርቭ ሥርዓት ውስጥ መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ታወቀ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም ሰውነት ራሱ ኦፒዮይድ መሰል ንጥረ ነገሮችን እንደሚሠራ በስኮትላንድ አበርዲን ታየ። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ግኝት ነው፤ እነዚሁ ተቀባዮች ከአንጎል ውጭ፣ በቆዳና በመገጣጠሚያ ውስጥ በሚያልቁ የሕመም ነርቮች ጫፍ ላይም ይገኛሉ።

ጤናማ በሆነ ሰውነት ውስጥ እነዚህ የዳር ተቀባዮች ብዙም አይሠሩም። አንድ ቦታ ሲቆጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከአከርካሪው ጎን ባሉት የነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ የተሠሩ ተጨማሪ ተቀባዮች በነርቩ ርዝመት ተጉዘው ወደ ጫፉ ይደርሳሉ፤ ነርቩን ከውጭ የሚሸፍነው ስስ ሽፋንም በብግነቱ ምክንያት ስለሚሳሳ መድኃኒት በቀላሉ ያልፍበታል። ኦፒዮይድ እነዚህን ተቀባዮች ሲነካ ነርቩ የሕመም መልእክት መላኩን ይቀንሳል፤ ከዚህም ሌላ የነርቩ ጫፍ የደም ሥሮችን የሚያሰፉና ፈሳሽ ወደ ሥጋው እንዲሰርግ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን መርጨቱን ያቆማል። ስለዚህ በዳር የሚሠራ ኦፒዮይድ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን እብጠቱንም ሊያጎድል ይችላል የሚለው ሐሳብ መሠረት ያለው ነው። ሰውነታችንም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማል፤ ወደ ቁስሉ የሚጎርፉት ነጭ የደም ሕዋሳት ቤታ-ኢንዶርፊን የተባለ የተፈጥሮ ኦፒዮይድ ተሸክመው ይመጡና እዚያው ይለቁታል። ወጌሻው የተጎዳውን ቦታ ይዞ ሲያሽ «ሕመሙ ባለበት ነው መድኃኒቱ» የሚለው አነጋገር በአጋጣሚ ከዚህ ሳይንስ ጋር ይገጥማል፤ ወጌሻውን ለማሞገስ አላልኩትም፣ ተሰብሮ የተበላሸ ክንድ ስንቴ አይቻለሁ።

ይህ በሰው ላይ እንደሚታይ ካመለከቱት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የጀርመናዊው ሐኪም የክሪስቶፍ ሽታይንና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። የጉልበት ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ሰዎች 1 ሚሊግራም ሞርፊን መገጣጠሚያው ውስጥ ሲሰጥ፣ ያው መጠን በደም ሥር ከተሰጣቸው ይልቅ ሕመማቸው ቀነሰ፤ የኦፒዮይድን ሥራ የሚያከሽፈው ናሎክሶን አብሮ ሲሰጥ ደግሞ ጥቅሙ ጠፋ። ይህም ሞርፊኑ የሠራው እዚያው ጉልበቱ ውስጥ መሆኑን ያሳያል። በኋላ የተካሄዱ ሙከራዎች ውጤት ወጥ አልሆነም፤ ያም ሆኖ በዳር ያሉት ተቀባዮች መኖራቸውን የሚያከራክር የለም።

ታዲያ ሞርፊንን ወይም ሌላውን ቆዳ ላይ መቀባት ለምን አይበቃም? ቆዳ ራሱ ግድግዳ ነው። ያለፈውም ደም ውስጥ ገብቶ ይበተናል፣ ሞርፊን ከሆነም አንጎል ይደርሳል። እዚህ ላይ ነው ማቀፍ የሚያስፈልገው። ማቀፍ ስል ሁላችንም የምናውቀውን የካፕሱል ቅርፊት ማለቴ አይደለም። ሊፖዞም የሚባለው የሕዋሳችን ግድግዳ ከተሠራበት ዓይነት ቅባት የተሠራች፣ ብዙ ጊዜ 100 ናኖሜትር ያህል ስፋት ያላት፣ ማለትም ከሰው ፀጉር ውፍረት አንድ ሺኛ የምትጠጋ ትንሽ ድቡልቡል ከረጢት ናት። ቅባት ወዳዱ መድኃኒት በግድግዳዋ ውስጥ፣ ውኃ ወዳዱ ደግሞ በሆዷ ውስጥ ይቀመጣል። እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም በ1960ዎቹ የደረሰበት ግኝት ነው። ሊፖዞም መድኃኒቱን ቆዳ ውስጥ ለማስገባት ትረዳለች፤ በደም ሥር ስትሰጥ ደግሞ በብግነት ምክንያት ግድግዳቸው በሳሳ የደም ሥሮች በኩል ወደ ተቆጣው ቦታ ሾልካ ትገባለች፤ መድኃኒቱንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ትለቃለች።

በዚህ መስክ ቀልቤን የሳበው ሎፔራማይድ ነው። አዎን፣ ያው ለተቅማጥ የምንሰጠው፣ ብዙ ሰው ኢሞዲየም ብሎ የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ1969 በቤልጂየም ያንሰን ኩባንያ የተሠራው ይህ መድኃኒት ኦፒዮይድ መሆኑን ከደንበኞቼ ይቅርና ከሥራ ባልደረቦቼም ብዙዎቹ ልብ አይሉትም። ሞርፊን የሚነካውን ያንኑ ተቀባይ ይነካል፤ ሆኖም ፒ-ግላይኮፕሮቲን የተባለው የአንጎል በር ጠባቂ ፕሮቲን መልሶ ስለሚያወጣው በተለመደው መጠን አንጎል ውስጥ አይቀመጥም፤ ስለዚህም አንጀትን ያዘገያል እንጂ አያደነዝዝም። በአውስትራሊያ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሎፔራማይድን በሊፖዞም አቅፈው በሁለት መንገድ ሞክረውታል። አንደኛው በተቆጣው የእግር መዳፍ ላይ የሚቀባ ጄል ነው። ሁለተኛው በደም ሥር የሚሰጥ ሆኖ፣ የሊፖዞሟ ገጽ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ተለጥፎባት ብግነት ባለበት የደም ሥር ግድግዳ ላይ በብዛት የሚገኘውን አይካም-1 የተባለ ፕሮቲን እየፈለገች እንድትጣበቅ ያደርጋታል፤ ነጭ የደም ሕዋስ ወደ ቁስሉ የሚደርስበትን መንገድ መቅዳት ማለት ነው። አጣዳፊ ብግነት በተፈጠረባቸው አይጦች ላይ ሁለቱም ሕመሙንም እብጠቱንም ቀንሰዋል። እነዚህ ሥራዎች የታተሙት እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ነው።

አሁን የምጽፈውን በተለይ ይህን ደብዳቤ አንብቦ ነገ ጠዋት ሎፔራማይድ ፈጭቶ በቫዝሊን ለውሶ ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው ስል ረዘም አደርገዋለሁ። ያው የምርምር ቡድን ያንኑ ጄል ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያ ብግነት ባለባቸው፣ ማለትም የሩማቶይድ አርትራይተስ አምሳያ በተደረጉ አይጦች ላይ ሲሞክረው ያገኘው ውጤት ተቃራኒ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጽሑፍ ጄሉ ብግነቱን እንዳባባሰውና የበሽታውን ሂደት እንዳፋጠነው ገልጸዋል። የኦፒዮይድ ተቀባዮች በነርቭ ላይ ብቻ ሳይሆን በበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ላይም ስላሉ፣ ለሦስት ቀን ቁስል የሚበጀው ለሦስት ዓመት ቁርጥማት መርዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለዚያች እንጀራ ጋጋሪ እናት፣ አንጓቸው ያበጠው ከሩማቶይድ ከሆነ፣ ዛሬም መልሴ «የለኝም» ነው። ሎፔራማይድን ያለ ልክ በአፍ መውሰድም የልብ ምትን አዛብቶ ሊገድል እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 አስጠንቅቋል። ተመራማሪዎቹ ይህን የማይመች ውጤት ደብቀው ቢሆን ኖሮ እኔም በቅን ልብ ለተሳሳተ ነገር እሟገት ነበር።

ሌላም የምንማርበት ታሪክ አለ። ዴፖዱር የተባለ በሊፖዞም የታቀፈ ሞርፊን እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ተፈቅዶ ነበር። ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በፊት ወይም በመካከሉ በአከርካሪው ዙሪያ አንዴ ይወጋና ሞርፊኑ እስከ ሁለት ቀን ድረስ ቀስ እያለ ይለቀቅ ነበር። ጥቅም ነበረው፤ ነገር ግን የሚሠራው ሕብለ ሰረሰር አጠገብ ስለነበር ትንፋሽን ዘግይቶ የማፈን አደጋ ነበረው፣ ሕመምተኛውም 48 ሰዓት በቅርብ ክትትል ሥር እንዲቆይ ይጠየቅ ነበር። በኋላ ከገበያ ወጥቷል። ከዚህ የምረዳው መታቀፉ ብቻውን ደኅንነት እንደማይሰጥ ነው። ወሳኙ የታቀፈው ነገር የት እንደሚፈታ ነው።

ወደ ልመናዬ የሚያደርሰኝም ይኸው ነው። ቁጥጥራችን አንድን መድኃኒት የሚመዝነው በዋናነት ምን እንደሆነ አይቶ ነው፤ ኦፒዮይድ ከሆነ የናርኮቲክ መዝገብ፣ የተለየ ማዘዣ፣ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ይከተለዋል። ይህ ለሞርፊን፣ ለፔቲዲንና ለፌንታኒል ተገቢ ነው፤ እኔም ቁልፉን በአንገቴ አንጠልጥዬ የምዞር ሰው ነኝ። ነገር ግን ሎፔራማይድ ራሱ ኦፒዮይድ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት የቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ይህ የሆነው አንጎል ስለማይደርስ ነው። እንግዲህ ዓለም «የት ይደርሳል?» የሚለውን ጥያቄ ለአንድ የአንጀት መድኃኒት ሲል አንድ ጊዜ ተቀብሎታል። እኔ የምጠይቀው ይህ ጥያቄ በእኛ የምዝገባና የክሊኒካዊ ሙከራ መመሪያዎች ውስጥ በግልጽ ተጽፎ እንዲገባ፣ በአካባቢ የሚሠራ ኦፒዮይድ አዘጋጅቻለሁ የሚል ማንኛውም ተመራማሪ ወይም አምራች ምን ያህሉ ወደ ደም እንደገባ፣ ምን ያህሉ ወደ አንጎል እንዳለፈ፣ ከሊፖዞሟ በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅና ቢውጡት ወይም ቢወጉት ምን እንደሚሆን አስቀድሞ እንዲያሳይ የሚያስገድድ፣ ላሳየው ደግሞ በር የሚከፍት መንገድ እንዲበጅ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደኅንነትን፣ ፈዋሽነትንና ጥራትን የማረጋገጥን ኃላፊነት ለባለሥልጣኑ ሰጥቶታል፤ ስለዚህ የምለምነው መመሪያ እንዲጨመር ነው እንጂ አዋጅ እንዲለወጥ አይደለም።

ጥሬ ዕቃው ላይ ያለው ቁጥጥር ይላላ አላልኩም። ሞርፊን ለማቀፍ የሚጠቀም ላቦራቶሪ ሞርፊኑን በሚሊግራም መቁጠር አለበት። ለመጀመር ግን ሞርፊን አያስፈልግም፤ ሎፔራማይድ በቂ ነው። የመጀመሪያው ሙከራም ሩማቶይድ ባለባቸው ላይ ፈጽሞ መሆን የለበትም፤ የ2017ቱ ውጤት እስኪፈታ ድረስ እነሱን በግልጽ ማግለል ያስፈልጋል። ጥሩ ማስጀመሪያ የሚመስለኝ አጭር ጊዜ የሚቆይ ብግነት ነው፤ የወለም ጉዳት፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ያለ እብጠት፣ ትንንሽ ቀዶ ሕክምና። እሱም ከእንስሳት ጥናት በኋላ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶት።

አንዳንድ የሙያ ወዳጆቼ ይህን ሐሳብ ሳነሣ «ለእኛ አገር ናኖ ምን ይሠራል?» ይሉኛል። ሊፖዞም አገራችን ከገባች ቆይታለች። በመተማና በሁመራ ቆላ በካላዛር የሚያዙ ወገኖቻችን፣ በተለይም ኤች አይ ቪ አብሮ ያለባቸው፣ የሚታከሙበት አምቢሶም በሊፖዞም የታቀፈ አምፎቴሪሲን ነው። ያልታቀፈው አምፎቴሪሲን ኩላሊትን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሐኪሞች ይፈሩታል፤ የታቀፈው ግን ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው። ነርሶቻችን ጠርሙሱን ከፍተው፣ በጥብጠው፣ አጣርተው፣ በግሉኮስ አቅጥነው መስጠት ከለመዱ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ቴክኖሎጂውን መጠቀሙን አናውቅም ማለት አንችልም፤ የማናውቀው መሥራቱን ነው።

መሥራቱን በተመለከተ ከቤቴ ሩቅ ያልሆነውን ቂሊንጦን እያሰብኩ ነው የምጽፈው። መንግሥት የኢንዱስትሪ ፓርኩን ለመድኃኒት አምራቾች ለይቶ ሲያቋቁመው ታብሌትና ሽሮፕ ብቻ እንዲወጣበት እንዳልሆነ እገምታለሁ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ አካባቢ ነው። ሊፖዞም ለመሥራት ግዙፍ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ቅባቱን በአልኮል አሟሙቶ ከውኃ ጋር መቀላቀልና በቀዳዳዎቹ ስፋት በተወሰነ ወንፊት በግፊት ማሳለፍ በአንድ መካከለኛ ላቦራቶሪ ሊከናወን ይችላል። አስቸጋሪው ሌላው ነው፤ የእያንዳንዱን ምርት የቅንጣት መጠን መለካት፣ መድኃኒቱ ከከረጢቷ ውስጥ ሳይፈስ ስንት ወር እንደሚቆይ ማወቅ፣ ቅባቱ እንዳይሻግት መጠበቅ። ብዙዎቹ ሊፖዞሞች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለባቸው፣ መቀዝቀዝ እንጂ መርጋት አይፈቀድላቸውም፤ በረዶ የሆነች ሊፖዞም ትሰነጠቃለች። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በሚጠፋበት ሰፈር ውስጥ ኢንሱሊን ለማዳን ከጎረቤት ሱቅ በረዶ የሚለምን ፋርማሲስት ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ስለዚህ ደርቆ በዱቄት መልክ የሚቀመጥ፣ አገልግሎት ላይ ሲውል የሚበጠበጥ ዓይነት ለእኛ ይሻላል፤ ይህንን መርጦ ማጥናት የኛው ተመራማሪዎች ድርሻ ነው፣ ችግሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። ሊፖዞም የሚሠራበት ሌሲቲን የተባለው ቅባት ከአኩሪ አተር ይወጣል፤ አኩሪ አተር በፓዌ ይበቅላል። ከእርሻ የወጣውን ለመርፌ እስከሚመጥን ድረስ ማጥራት ራሱን የቻለ ትልቅ ሙያ ስለሆነ ነገ ይደርሳል አልልም፤ ለሚቀባ ጄል የሚጠየቀው ንጽሕና ግን ለመርፌ ከሚጠየቀው ያነሰ ነው።

አንድ ስጋት አለኝ፤ ይህንን ደብዳቤ የሚያነብ ኃላፊ «አዲሱ እስኪመጣ አሮጌውን እናጥብቅ» ብሎ እንዳይረዳው። ሞርፊን በዓለም የጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ዝርዝሩ ከተጀመረበት ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ባወጣው ስሌት መሠረት በዓመት በዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ከሞርፊን ጋር የሚመጣጠን ኦፒዮይድ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች በሙሉ የሚደርሳቸው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ከዚያ 0.1 ቶን ላይ ነው የእኛም ድርሻ የሚቆነጠረው። በካንሰር ለሚሠቃይ ሰው የትኛውም የተቀባ ጄል ሞርፊንን አይተካም፤ ሕመሙ ከአጥንትና ከነርቭ ውስጥ ስለሆነ። አንድ አባት ለባለቤታቸው የታዘዘውን የሞርፊን ሽሮፕ ፍለጋ በሦስት ክፍለ ከተማ ዞረው በመጨረሻ ወደ እኔ የመጡበትን ቀን አልረሳም፤ እኔም አልነበረኝም። የሄዱባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንዱ አይደለምና። በአንድ እጅ ለሞርፊን ተደራሽነት፣ በሌላው ለአካባቢ ብቻ ለሚሠራው ምርምር መሥራት እንደሚቻል አምናለሁ፤ ገንዘቡና ሰው ኃይሉ ከአንዱ ተነሥቶ ለሌላው ከተሰጠ ግን የምቃወም የመጀመሪያው ሰው እኔ እሆናለሁ።

ለፋርማሲ መምህራንም አንድ ቃል አለኝ። እኛ ስንማር ኦፒዮይድ የሚለው ምዕራፍ በአንጎልና በሱስ ተጀምሮ በመመረዝ ሕክምና ያልቅ ነበር፤ የዳር ተቀባዮች ጉዳይ በአንድ መስመር ታልፎ ነበር ብል አላጋንንም። ዛሬ ተማሪዎቻችሁ ስለ ብግነት ሲማሩ የነጭ የደም ሕዋሳትን ኢንዶርፊን፣ የተቆጣ ሥጋ አሲዳማ መሆኑን፣ በበርሊን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ፌንታኒልን ለውጠው በአሲዳማው ቦታ ብቻ ከተቀባዩ ጋር እንዲጣበቅ በማድረግ በአይጦች ላይ ያሳዩትን ውጤት ቢያነቡ፣ የመመረቂያ ጥናታቸውን ሲመርጡ ሌላ ሐሳብ ይመጣላቸዋል። ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሎፔራማይድን በሊፖዞም አቅፎ የመልቀቂያ ፍጥነቱን በአዲስ አበባ የአየር ሙቀት መለካት ብቻውን የሚያኮራ ሥራ ነው።

በእኔ በኩል ላበረክት የምችለው ትንሽ ነው። ባለፉት ዓመታት በመድኃኒት ቤቴ ለእብጠትና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሰጠኋቸውን መድኃኒቶች፣ ደንበኞች ተመልሰው የነገሩኝን የጎንዮሽ ጉዳትና መድኃኒቱን ያቆሙበትን ምክንያት በእጄ እየጻፍኩ የያዝኩት ደብተር አለ፤ የሰዎቹ ስምና አድራሻ ተለይቶ ከወጣ በኋላ ለባለሥልጣኑም ሆነ ጥናት ለሚያካሂድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። በምዝገባ መመሪያው ላይ የባለሙያ ውይይት ከተጠራም በራሴ ወጪ እገኛለሁ። የምጠይቀው የጽሑፍ መልስ ነው፤ መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ ለምን እንዳልተቻለ የሚገልጽ ይሁን፣ በመድኃኒት ቤቴ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ ደንበኞቼ እንዲያነቡት አደርጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፋርማሲስት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ